ሄልሜቱን አትሽጡት፣ ታኬታውን ሽጡት፦ ጥያቄና መልስ

ያገለገለ የስፖርት ዕቃ ሰብስባችሁ፣ ሸጣችሁ፣ ገቢውን ልጆችን በስፖርት ለሚረዱ ማኅበራት የምትሰጡ ሰዎች ጥያቄ ልካችሁልኛል። ደስ የሚል ሥራ ነው የያዛችሁት። እንግባበት።

«አራት ዓመት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ፣ እግር ያልገባበት የሩጫ ጫማ ተሰጠን። አዲስ ብለን እንሽጠው?»

ቆይ፣ መጀመሪያ ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት፣ ጎንበስ ቀና እያደረጋችሁም እጠፉት። የአንዳንድ ጫማ ሶል ፖሊዩሪቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ነው፤ ይሄ ነገር ማንም ባያደርገውም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ውስጥ ውስጡን ይበላል፣ ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ልጁ አድርጎት ሁለት ዙር ሲሮጥ ግን እግሩ ሥር ይፈረፈራል። ከተሰነጠቀ ወይም ጣታችሁ ላይ ከተጣበቀ ጣሉት። ደህና ከሆነም «አዲስ» አትበሉ። «ያልተደረገ፣ አራት ዓመት የቆየ» በሉ።

«የብስክሌት ሄልሜትስ? ንጹህ ነው።»

እኔ ብሆን አልሸጠውም። ውስጡ ያለው ፎም ምቱን የሚችለው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። የማን ጭንቅላት ላይ ሆኖ እንደወደቀ ሳታውቁ ለሰው ልጅ አትስጡ። የጥርስ መከላከያም ያው ነው፣ ከአፍ የወጣ አይሸጥም።

«ማሊያ እንዴት እንጠብ?»

ገልብጡት፣ በ30 ዲግሪ እጠቡት፣ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ። ቁጥሩ ላይ ካውያ እንዳያርፍ።

«ለትራንስፖርት ከኪሳችን እያወጣን ነው። ከሽያጩ ብንቀንስ ነውር ነው?»

መቀነሱ ነውር የለውም፣ መደበቁ ነው ነውሩ። «ገቢው ለበጎ አድራጎት» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። ከሽያጩ ምን ያህሉ ለማን እንደሚደርስ ዋጋው አጠገብ ጻፉት። የማኅበሩን ስም ከመጥራታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ብሩንም ከራሳችሁ ብር ጋር አትቀላቅሉ፣ ገዢው ቢጠይቃችሁ ደብተሩን ዘርግታችሁ ማሳየት መቻል አለባችሁ።

«ለምን እንሸጣለን? ዕቃውን ለልጆቹ ብንሰጥ አይሻልም?»

አሠልጣኙን ጠይቁት። የሚሆናቸው ከሆነ ስጡ፣ ምን ጥያቄ አለው። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰበሰበው የአዋቂ ዕቃ ነው፤ 45 ቁጥር ታኬታ ለአሥር ዓመት ልጅ ምን ያደርግለታል? እሱን ለአዋቂ ሽጡና በብሩ ለልጆቹ በልካቸው ታኬታ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት ደግሞ 4 ቁጥር ኳስ ግዙላቸው።