ውድ ጎማ ለምን ቶሎ ያልቃል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ ጎማ የሚጠይቁ ናቸው። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች አንድ ቅሬታ ይጋራሉ፤ ይኸውም ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጎማ ከርካሹ ቀድሞ ማለቁ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት መካከለኛ ዋጋ ያለው ጎማ ስጠቀም ከቆየሁ በኋላ ከታወቁ አምራቾች የአንዱን ውድ ጎማ ለአራቱም እግር አስገጠምኩ። በዝናብ ጊዜ ልዩነቱ የሚካድ አይደለም፤ ፍሬን ስይዝ መኪናው እንደ ተተከለ ይቆማል። ነገር ግን በ28,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጥርሱ ከ8 ሚሊሜትር ወደ 3 ሚሊሜትር ወርዷል። የቀድሞው ጎማዬ ወደ 60,000 ኪሎ ሜትር ሄዶልኝ ነበር። በጎናቸው ላይ ሳነብ በአሮጌው ላይ ትሬድዌር 500፣ በአዲሱ ላይ ደግሞ 240 የሚል ቁጥር አገኘሁ። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አልተታለሉም፤ የገዙት ነገር እገዛለሁ ብለው ካሰቡት የተለየ ሆኖ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጎማ ላይ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በአብዛኛው የሚውለው ጎማው መንገዱን አጥብቆ እንዲይዝ፣ በተለይም በእርጥብ አስፋልት ላይ ባጭሩ እንዲቆም ነው፤ እርስዎም ይህን በዝናብ ጊዜ አይተውታል። ላስቲክ መንገድ የሚይዘው በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎችና ስርጉዶች ውስጥ እየተጨመቀ ሲገባና ሲወጣ በመሆኑ፣ ለስላሳው ላስቲክ የተሻለ ይይዛል፣ በዚያው ልክም ቶሎ ይፋቃል። የጠነከረው ላስቲክ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም እርጥበት ሲያገኝ ያንሸራትታል።

ጎማ ሠሪዎች መንገድ መያዝን፣ ቶሎ አለማለቅንና በቀላሉ መሽከርከርን በአንድ ላስቲክ ውስጥ ለማስማማት ሲታገሉ ኖረዋል። አንዱን ሲያሻሽሉት ሌላው ይጎዳባቸዋል። ሚሽሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 በላስቲኩ ውስጥ ያለውን ጥላሸት በከፊል ሲሊካ በሚባል ነጭ ዱቄት የተካ ጎማ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ችግሩ ቀለል ብሏል፤ ሲሊካው ጎማው በእርጥብ መንገድ ላይ ያለውን አያያዝ ሳይጎዳ በቀላሉ እንዲሽከረከር ያግዛልና። ይሁን እንጂ እስፖርታዊ ተብሎ የተሠራ ጎማ ዛሬም ዕድሜውን ለመያዝ አቅሙ ሲል ይሠዋል።

ትሬድዌር የሚባለው ቁጥር የአሜሪካ የጎማ ደረጃ አሰጣጥ አካል ነው። በፈተናው ላይ ጎማው 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል በተወሰነ የሕዝብ መንገድ ላይ ከተነዳ በኋላ አለቃቀሱ 100 ነጥብ ከተሰጠው መነሻ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ 500 ማለት 50,000 ኪሎ ሜትር ማለት አይደለም፤ በፈተናው አኳኋን ከመነሻው ጎማ በአምስት እጥፍ ዘግይቶ ያልቃል ማለት ነው። በተጨማሪም ነጥቡን በጎማው ላይ የሚጽፈው አምራቹ ራሱ ሲሆን፣ አንዱ ሲቆጥብ ሌላው ሊለግስ ስለሚችል፣ ቁጥሩ የአንድን አምራች ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር እንጂ የሁለት አምራቾችን ጎማዎች ለማፎካከር ብዙም አይታመንም። ከአጠገቡ ያለው የትራክሽን ፊደል ደግሞ በእርጥብ መንገድ ላይ በቀጥታ ሲሄዱ ፍሬን የመያዝ አቅምን ብቻ ያሳያል፤ በኩርባ ላይ ስላለው አያያዝ የሚናገረው የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በ28,000 ኪሎ ሜትር 5 ሚሊሜትር አልቋል፤ ይህም በአማካይ ለአንድ ሚሊሜትር 5,600 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በብዙ አገሮች የሚፈቀደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ስለሆነ የቀረዎት 1.4 ሚሊሜትር ነው፤ በዚህ ፍጥነት ከሄደ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ይወስድዎታል። ጥርስ ሲያጥር መተጣጠፉ ስለሚቀንስ የመጨረሻዎቹ ሚሊሜትሮች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ቀስ ብለው የሚያልቁበት ጊዜ አለና ምናልባት ከዚያም ያልፋል። እኔ ግን እስከዚያ ባልጠበቅሁ ነበር። ከ3 ሚሊሜትር በታች የጎማው ቦዮች ውሃ የማስወጣት አቅማቸው በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ገንዘብ የከፈሉበት የዝናብ ብቃት የሚሸሽዎት ሕጉ ከሚያግድዎት ቀድሞ ነው። ኪሎ ሜትር የሚያሳስብዎ ከሆነ ለሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው አምራች ለረጅም ጉዞ የተሠራውን ይጠይቁ። አንድ አምራች በ240ም በ600ም ነጥብ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ስሙ ብቻውን ስለ ዕድሜው አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ የእኔ ጎማ በውጭ በኩል ሲታይ ገና አዲስ ይመስላል። ሆኖም ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስበልጥ የሚጮኽ የማያቋርጥ ድምፅ አለው። አንድ መካኒክ ችግሩ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው ብሎ ቀየረልኝ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ጎማው ውድ ስለሆነ እሱን አልጠረጠርኩም።

መልስ፦ ውድነቱ ከጥርጣሬ አያድነውም። ከኩሽኔታና ከጎማ ድምፁን የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ነገሮችን ያዳምጡ። ድምፁ ሸካራ ከሆነው አስፋልት ወደ ለስላሳው ሲያልፉ የሚለወጥ ከሆነ ጎማውን ይጠርጥሩ፤ መኪናው በሰፊ ኩርባ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የሚጨምርና ወደ ሌላው ሲያዘነብል የሚቀንስ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ከዚያ መኪናውን አቁመው መሪውን እስከ ጫፍ ያዙሩና መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱ። በአንደኛው አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭርዎ ከሆነ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቀማመጥና አቅጣጫ)፣ በተለይም የሁለቱ ጎማዎች ትይዩ ሆኖ ወደ ፊት ማየት፣ ተዛብቷል። ጎማው ዙሪያውን በየተወሰነ ርቀት ጎድጎድ እያለ ከሄደ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው አምርዛተር ነው፤ የደከመ አምርዛተር ጎማውን መንገዱ ላይ እያነጠረ ይቆርጠዋል።

የአላይመንት ስሕተት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጎማ ከቀጥታው መስመር ሩብ ዲግሪ ብቻ ቢዞር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ4 ሜትር በላይ በጎኑ ይጎተታል፤ በ10,000 ኪሎ ሜትር ይህ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የጎን ፍግታ ነው። ይህን የሚቋቋም ላስቲክ የለም፤ ለስላሳው ደግሞ ቀድሞ ይሸነፋል።

ስለ ውስጠኛው ጠርዝ የምናገረው ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ ከረጅም ጉዞ በፊት ጎማዎቼን ቆሜ ዙሪያውን ተመለከትኩና ደህና ናቸው ብዬ ተነሣሁ። በመንገድ ላይ ለሌላ ጉዳይ ጎሚስታ ዘንድ ስቆም ሠራተኛው ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ አየና ምንም ሳይናገር እጄን ይዞ ወደ ኋለኛው ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ መራኝ። በጣቴ የነካሁት ላስቲክ አልነበረም፤ ብቅ ያለ ቀጭን የብረት ሽቦ ነበር። የውጩ ጥርስ በዚያን ጊዜ 5 ሚሊሜትር ነበረው። ብዙ መኪኖች ኩርባ ላይ እንዲረጉ የኋላ ጎማቸው ላዩ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ሸክሙ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይበዛል። ከዚያ ወዲህ ቆሜ አላይም፤ እንበረከካለሁ።

የንፋስ መጠኑንም አብረው ይመልከቱ። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሐሉ ከቀረ ንፋሱ አንሷል፤ መሐሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል። ልኬቱ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መወሰድ ይኖርበታል፤ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ንፋሱ ወደ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ስለሚቀንስ፣ በሞቃት ወቅት የተሞላ ጎማ ሳይነፍስ በብርድ ወቅት ያንስበታል። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ የተለጠፈው ነው፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ እርስዎ የሚሞሉት አይደለም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ወዲህ የኋላ ጎማዎቼ በ22,000 ኪሎ ሜትር አለቁ። ዘገምተኛ አሽከርካሪ ነኝ ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ዘገምተኛ መሆንዎን አልጠራጠርም፤ መኪናዎ ግን ከባድ ነው። ባትሪው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ግራም ክብደት ይጨምራል፤ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ገና ከመነሣቱ ስለሚሰጥ፣ ፔዳሉን በትንሹ መርገጥ እንኳ ጎማውን መንገዱ ላይ በኃይል ይገፋዋል። ከዚህ ሌላ ፍጥነት ሲቀንሱ ኃይል እየመለሰ ባትሪውን የሚሞላው የፍሬን ሥርዓት የፍሬን ሸራን ቢያድንም የማቆሙን ሥራ የሚያሠራው ሞተሩ ያለበትን ጎማ ነው። የእርስዎ መኪና የሚነዳው በኋላ ጎማ ከሆነ ኋላው ቀድሞ ማለቁ የሚጠበቅ ነው።

የአራቱም መጠን አንድ ከሆነ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ያዛውሩ። ጎማው የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለበት ከቀኝ ወደ ግራ አይሻገርም። የኋላው ከፊቱ ከሰፋ ደግሞ ማዛወር አይቻልም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ፔዳል ሲረግጡ መኪናው ጉልበቱን አለዝቦ እንዲሰጥ የሚያደርገውን ምርጫ መጠቀም ነው። ሲቀይሩ የሸክም ቁጥሩን ዝቅ አያድርጉ፤ 91 የሚል ጎማ 615 ኪሎ ግራም ሲሸከም 94 የሚለው 670 ይሸከማል። አንዳንዱ ጎማ ድምፅ ለመቀነስ በውስጡ ስፖንጅ ስላለው፣ ሲበሳ ጎሚስታው ስፖንጁን በቦታው ቆርጦ ማንሣት እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ያልተነዳ ውድ ጎማ በቅናሽ አግኝቼ ገዛሁ። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ከለመድኩት ጎማ የባሰ ያንሸራትታል።

መልስ፦ በጎኑ ላይ ዶት (DOT) በሚሉት ፊደላት የሚጀምረውን ጽሑፍ ይፈልጉና የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ያንብቡ። 2317 ከሆነ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙሉው ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ካላገኙት ውስጠኛውን ጎን ይዩ። ላስቲክ ባይነዳም በኦክስጅን፣ በኦዞንና በሙቀት ይጠነክራል፤ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ደግሞ የበለጠ። ብዙ አምራቾች ጎማ 5 ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ጥርሱ ቢተርፍም እንዲወጣ ይመክራሉ። በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ ቅናሹን ይርሱት። ፈጽሞ አዲስ ጎማም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በላዩ ከሚቀረው የቅርጽ ማውጫ ቅባት የተነሣ ሊያንሸራትት ስለሚችል፣ ገና ከጀመሩ ትንሽ ይታገሡት።

ጥያቄ፦ አቅሜ ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት ነው። መኪናዬ የሚነዳው በፊት ስለሆነ ፊት ላይ ላድርጋቸው?

መልስ፦ ኋላ ያድርጓቸው። የፊት ጎማ ሲያንሸራትት መሪው ላይ ይሰማዎታል፣ ፍጥነት በመቀነስም ይመልሱታል፤ የኋላው ሲያመልጥ ግን መኪናው ራሱን ያዞራል፣ ያንን የሚመልስ አሽከርካሪ ጥቂት ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። በአዲሱና ባለቀው መካከል 4 ሚሊሜትር ቢለያይ፣ በመካከለኛ መጠን ጎማ በቀላል ስሌት ያለቀው በየኪሎ ሜትሩ 6 ዙር ያህል ይበልጣል፤ ይህን ልዩነት ሳያቋርጥ የሚሸከመው ጉልበት ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ማርሽ ነው። እዚያ አራቱንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአዲሶቹ ጎማዎቼ ጎን ቡናማ እየሆነ ነው። የጥራት ጉድለት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ላስቲኩን ከኦዞን እንዲጠብቅ የተጨመረበት ቅመም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቡናማ ይሆናል፤ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። በውሃና በለስላሳ ሳሙና ያጥቡት፤ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ግን አይሹት፤ ላስቲኩን ይጎዳል።