የአፍዴራ ጨው ለሚጭን አይሱዙ፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀለሙ ይደርሳል

ሰላም ወንድሜ። ያገለገለ አይሱዙ ገዝተህ ከአፋር ክልል፣ ከአፍዴራ ጨው ልታመላልስ ስለሆነ «ሻንሲውን (የመኪናውን ዋና የብረት አጽም) የተቃጠለ ዘይት ላስቀባው ወይስ ሙሉ ቀለም ላስደግመው?» ብለህ ጠይቀሃል። በዚህ ሁኔታ ሁለቱም ገንዘብህን ይበላሉ። ሥራዬ ቅጥቀጣና ቀለም ነው፤ ጨው ጫኝ መኪና ሥር ብዙ ተኝቻለሁና ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ብዙ ሹፌር ብረቱ የሚበላው እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ይመስለዋል። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ንዳድ ቦታ ነው፤ በዚያ ፀሐይ ጨው ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ወደ ደጋ ስትወጣ ይመጣል። የምግብ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ከአየር ውሃ እየሳበ ይሟሟል። ካልተጣራ ጨው ጋር የሚገኘው ማግኒዥየም ክሎራይድማ 33 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ መኪናህ በሐምሌ አዲስ አበባ ቆሞ ሲያድር ሻንሲው ላይ የተጣበቀው ዱቄት ምን እንደሚሆን አስበው። ጨዋማው ውሃ በትንሽ ጭረት ገብቶ በቀለሙ ሥር ይሄዳል፤ ላዩ ሲያብጥ በምታይበት ጊዜ ውስጡ ተበልቷል።

ስለዚህ ጭነትህን እንዳራገፍክ፣ መኪናው ሳያድር፣ ሥሩን አሳጥበው። ላቫጆ (መኪና ማጠቢያ) ስትገባ ልጆቹ ካቢናውንና ጎማውን አብረቅርቀው ሊሸኙህ ይፈልጋሉ፤ አንተ ግን መኪናውን ሥሩ የሚታጠብበት ከፍ ያለ መወጣጫ ላይ አስወጥተህ ሻንሲው ውስጥ፣ ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ሞላ) መሃል፣ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ጀርባ ብዙ ውሃ አስፈስስ። እዚህ ላይ ከግፊቱ ይልቅ የውሃው ብዛት ይጠቅማል። በቆላው መንገድ ላይ የጉድጓድ ውሃ ካገኘህ ቅመሰው፤ ብዙው ጨዋማ ስለሆነ በእሱ ከምትታጠብ ኮምቦልቻ እስክትደርስ ብትታገስ ይሻልሃል።

ማንም የማያየው ቦታ በሻንሲውና በካሶኒው (ጭነቱ በሚያርፍበት ሳጥን) መካከል የሚገባው እንጨት ነው። ጨው የጠጣ እንጨት እርጥበቱን ይዞ ወራት ይቆያል፤ ከላይ ስታየው ደህና የሚመስል ሻንሲ በዚያ መስመር ተበልቶ አግኝቻለሁ። ከቻልክ አስነሥተህ በወፍራም ጎማ ቀይረው። የካሶኒው ወለል ላይም ከጆንያዎቹ በፊት ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፍ፤ ጠርዙንም በግድግዳው ላይ ወደ ላይ አጥፈው። በሳንቃ ክፍተት የሚንጠባጠበው ዱቄት ቀጥታ ሻንሲው ላይ ነው የሚያርፈው።

ቀለም የምታስቀባ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ታጥቦ ይድረቅ። ጨው ያለበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ቀቢ ጨውን ወደ ብረቱ እያሻሸው ነው። ከዚያ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሣ፤ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የላይኛው ቀለም ይከተል። ዚንክ የበዛበት ካገኘህ ዋጋው ቢወደድም ግዛው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላል። ብሩሽና ርጭት የማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ሰም ያለበት ፀረ ዝገት ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ይረጫል።

የተቃጠለው ዘይት? ውሃ ለጊዜው ይከለክላል፤ አልክድም። ግን ከሞተር የወጣ አሲድ አለበት፣ የባሌስትራውን ጎሚኒ (የጎማ ቡሽ) ያሳብጣል፣ አቧራና ጨው ለቅሞ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ባልታጠበ ሻንሲ ላይ ከተቀባ ደግሞ ጨውን ከሥሩ አሽገህ ማስቀመጥ ነው። መሬት ላይ የሚንጠባጠበውም ለማንም አይበጅም።

የካቢናው ቀለም ቀላሉ ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አታስጠርግ፣ የልብስ ሳሙና አታስነካው፣ ጠጠር የላጠውን ቦታ ቶሎ አስነካካ፣ አልፎ አልፎ ሰም ቀባው። በቃ።

የፍሬን ቱቦዎችን ግን በእጅህ እየዳሰስክ እይ። ሸካራ ሆኖ ካገኘኸው ቀለም አትቀባው፤ ቀይረው። የባትሪውን ተርሚናልና የሻንሲውን የመሬት ሽቦ ግራሶ አስቀባ።

ሌላው፣ ሻንሲው ላይ ሁለት ብረት የተደራረበበትን ቦታ ተመልከት። መሃሉ አብጦ ብረቶቹ ከተላቀቁ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ያኔ የሚያስፈልግህ ብየዳ ነውና የትኛው መቆረጥ እንዳለበት አይቼ እነግርሃለሁ።