«ኦፕን ስፔስ» በአማርኛ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ነው። ምርጫ ሲደርስ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች የምርጫውን ጉዳይ በአማርኛ እየጻፍኩ አስረዳቸዋለሁ። ካውንቲያችን አራፓሆ (ካውንቲ ከስቴቱ ቀጥሎ ያለ አስተዳደር ነው) ለ«ኦፕን ስፔስ»፣ ማለትም ቤት እንዳይሠራበት ተጠብቆ ለሚቆይ መሬት፣ የሚሰበስበውን የሽያጭ ታክስ ስገልጽ «ወረዳው ለክፍት ቦታዎች ጥበቃ የሚሰጠው ድጎማ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እናት አነበቡና «ልጄ ሥራ ፈላጊ ነው፤ ክፍት ቦታ ካለ የት ነው የሚመዘገበው?» አሉኝ። ትክክለኛው አጠራር የቱ ነው? ካውንቲንስ ወረዳ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እናትየው አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ቃሉ ነው። እርስዎም ብዙ አይፈረድብዎትም፤ ከእርስዎ በፊት ብዙዎች እንዲሁ ጽፈውታል። ሦስት ቃላት ግን እንነጋገርባቸው፤ «ክፍት ቦታ»፣ «ወረዳ» እና «ድጎማ»። ሦስቱም የቆየ ሕመሜን የሚነኩ ናቸው፤ ስለዚህ መልሱ ቢረዝም ይታገሱኝ።

«ክፍት» ከ«ከፈተ» የወጣ ቅጽል ነው። ምን ምን ክፍት ይባላል? ክፍት በር፣ ክፍት መስኮት፣ ክፍት ሱቅ፣ ክፍት የሥራ ቦታ። ልብ ይበሉ፤ በአማርኛ ክፍት የተባለ ነገር የሚገባበትን ሰው ይጠብቃል። በሩ ገቢ ይፈልጋል፤ የሥራ ቦታው ተቀጣሪ ይፈልጋል። ታዲያ መሬት ክፍት ነው ሲባል ምን ይፈልጋል? አዲስ አበባ ላይ «እዚያ ጋ ክፍት ቦታ አለ» ይበሉና ደላላው ምን እንደሚልዎ ይስሙ። «ስንት ካሬ ነው?» ነው የሚለው። ቃሉ ራሱ ለግንባታ ይጋብዛል። እርስዎ ሊጽፉ የፈለጉት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቤትም ሕንጻም መቼም እንዳይሠራበት ስለተደረገ መሬት።

እንግሊዝኛው «ክፍት» የሚለው ለዓይን ነው። ሰማዩ ይታያል፣ ሜዳው አልተጋረደም፣ ሕንጻ አልቆመበትም፤ ለእግረኛውም ለወፉም ክፍት ነው። አማርኛ ግን መሬት ሊጠብቅ ሲፈልግ የሚጀምረው ከመዝጋት ነው። ከለለ፣ ዘጋ፣ ከለከለ፣ ጠበቀ። የኛ ገበሬ መስኩን ለማዳን ሲያስብ «ልክፈተው» አይልም፤ «ልከልለው» ነው የሚለው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

«ከለለ»ን ትንሽ እንከተለው። ጋረደ፣ አጠረ፣ ለየ ማለት ነው። «ከለላ» እና «ክልል» ከዚያው ሥር ናቸው። ሣሩ እስኪደርስ ከብት እንዳይገባበት የታጠረ መስክ የተከለለ ነው። ዛሬ «ክልል» ሲባል ለሁላችንም ቀድሞ የሚታየን የፌዴሬሽኑ አባል መንግሥት ነው፤ የመንግሥት መዋቅሩ ቃሉን ወሰደው። ተመሳሳይ ነገር «ጨፌ» ላይም ደርሷል። ጨፌ እርጥበት ያለው ለምለም መስክ ነው። በኦሮሞ ዘንድ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው በዚያ መስክ ላይ ስለነበር ቃሉ ለሸንጎውም ስም ሆነ፤ ዛሬ የኦሮሚያ ምክር ቤት «ጨፌ» ይባላል። መስክ እና አስተዳደር በቋንቋችን ውስጥ እንዲህ ይወራረሳሉ። እርስዎ የጠየቁኝም የመስክና የአስተዳደር ነገር ስለሆነ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልሆነልኝም።

መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስሙ የሣሩ ስም ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ጠንካራ ሣር። የአካባቢው ሰው ይህን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። በየጊዜው ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም የለም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። አያችሁ? መክፈት ማለት እዚያ ማጨድ መጀመር ነው፤ ጥበቃው ያለው መዘጋቱ ላይ ነው። የመንዝ ገበሬ «ለክፍት ቦታ ጥበቃ» የሚል ወረቀት ቢደርሰው ግራ ይገባዋል፤ ክፍት ከሆነ ምኑ ተጠበቀ?

ስለዚህ የኔ ምርጫ «ጥብቅ መስክ» ነው። «ጥብቅ ደን» እና «ጥብቅ ስፍራ» የለመድናቸው ናቸው። እዚህ ላይ ስለ «ጠበቀ» አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስቸግርበት ነው። ሁለት «ጠበቀ» አሉ። አንዱ «ጠነከረ፣ አልላላም» ነው፤ ንዑስ አንቀጹ «መጥበቅ»። ሁለተኛው «ዘብ ቆመ፣ ቆየ» ነው፤ ንዑስ አንቀጹ «መጠበቅ»። በኃላፊ ጊዜ አይለዩም። «ይጠብቃል» ብለው ሲጽፉም ፊደላችን አይለያቸውም፤ ጆሮ ነው የሚለየው፤ አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ ይነበባል። «ጥብቅ ትእዛዝ» ያለጥርጥር ከመጀመሪያው ነው። «ጥብቅ ደን»ስ? አንዳንዶች ሕጉ ስለጠነከረ ነው ይላሉ። እኔ ግን ስሰማው የሚሰማኝ የሚጠበቅ፣ ዘብ ያለው ደን ነው። ማስረጃዬ ከጆሮዬ የራቀ አይደለም፤ ቢሆንም ከዚህ ስሜቴ አልነቃነቅም።

ለምን «መስክ» አልኩ? «ሜዳ»ም ነበር። ጃን ሜዳን የመሰለ የጋራ ስፍራ እያለን ሜዳን መናቅ ይከብዳል። ግን «ሜዳ ላይ ቀረ»፣ «ሜዳ ላይ ጣሉት» የሚለው አነጋገር ቃሉን ከባዶነት ጋር አቆራኝቶታል። «መስክ» ስል ሣር ይታየኛል፣ ጤዛ ይታየኛል።

አንድ የማከብራቸው የሙያ ባልደረባዬ በዚህ ፈጽሞ አይስማሙም። «ክፍት ቦታ በከተማ ፕላን ሰነዶች ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ‹አረንጓዴና ክፍት ቦታዎች› እየተባለ ይጻፋል፤ የገባን ቃል ማስወጣት አይቻልም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ተጽፏል፤ መሐንዲሱም የፕላን ባለሙያውም እንደዚያ ይላል። ለባለሙያ በሚጻፍ ሰነድ ላይ «ክፍት ቦታ» ብሎ የጻፈን ሰው ተሳስተሃል አልለውም፤ ባይዋጥልኝም አልለውም። ነገር ግን እርስዎ የጻፉት ለመሐንዲስ አይደለም። የጻፉት ልጃቸው ሥራ ለሚፈልግ እናት ነው። ለእሳቸው ቃሉ አልሠራም። ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም።

አሁን ወደ «ወረዳ»። ካውንቲን ወረዳ አይበሉት። «አውራጃ» ቢሉ ግን ደስ ይለኝ ነበር። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ ከሥሩ በአውራጃ፣ ከዚያ በወረዳ ተከፍላ ነበር። ካውንቲም ከስቴቱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። በደረጃ የሚቀርበው አውራጃ ነው። ስፋቱንም ይዩት፤ የእርስዎ አራፓሆ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ከ655,000 በላይ ሰው ነበረው። ይህ የወረዳ ልክ አይደለም።

ስለ አውራጃ ካነሳሁ የቃሉን ዘር ሳልናገር አላልፍም። «አውራጃ ከ‹አውራ› የመጣ ነው፤ የአገሩ አውራ ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ታዲያ «ጃ» ከየት መጣች? ለዚህ መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም። እኔ ወረዳም አውራጃም ከ«ወረደ» ተወለዱ ባይ ነኝ። ወለደ ብሎ ወላጅ፣ ሄደ ብሎ ሂያጅ እንደሚል ሁሉ፣ አወረደ ብሎ አውራጅ፣ ከዚያ አውራጃ። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ደረጃ ነው። እንዲያውም ይህ ነው ለካውንቲ የማይመቸው። «ካውንቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «ኮሜስ» ነው፣ ባልደረባ ማለት፤ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ባልደረባ የሆነ ሹም ስም ሆነ። ካውንቲም የዚያ ሹም ግዛት ነበር። ቃሎቹ እዚያም እዚህም ከቤተ መንግሥት ነው የተነሱት። ሥራው ግን ተለያይቷል።

እንዴት ተለያየ? የኛ ወረዳ ከበጀቱ የሚበዛውን ከላይ ይጠብቃል። ያ ገንዘብ ነው «የድጎማ በጀት» የሚባለው። ኮሎራዶ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ በስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት አዲስ ታክስ የሚጣለው መራጩ ድምፅ ሲሰጥበት ብቻ ነው። ካውንቲውን የሚመሩት አምስቱ የአራፓሆ ኮሚሽነሮች ጥያቄውን ለሕዝብ ማቅረብ ይችላሉ፤ ብቻቸውን ታክሱን መጣል ግን አይችሉም። ለመስክ የሚሆነውን የሽያጭ ታክስ መራጩ እ.ኤ.አ. በ2003 አጸደቀው፤ የ100 ዶላር ዕቃ ሲገዙ 25 ሳንቲም ነው። በ2011 አራዘመው፤ በ2021 ደግሞ ማብቂያ ቀኑን አነሳለት። ጎረቤታችሁ ጀፈርሰን ካውንቲ እንዲህ ያለውን ታክስ ያጸደቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ስለዚህ «ድጎማ» የሚለውን ይሰርዙት። ድጎማ ያለው ለሌለው የሚሰጠው ነው። ይህን ገንዘብ የሰጡት እናትየው ራሳቸው ናቸው፤ ሱቅ ገብተው ልብስ በገዙ ቁጥር። «የመንግሥት ገንዘብ»ም አይበሉት፤ «የሕዝብ ገንዘብ» ይበሉት። «ግብር» ልበለው ወይስ «ታክስ» ብለው እንዳይጨነቁ። እኔ «የሽያጭ ግብር» ብል እመርጣለሁ፤ ከግዕዙ «ገብረ» ወጥቶ ሥራንም፣ ለንጉሥ የሚገባውንም፣ የንጉሡን ድግስም በአንድ ቃል የያዘ ነው። ግን አገር ቤትም ቢሆን ሲገዙ የሚከፈለውን ሕጉም ሰዉም «ታክስ» ብሎታል። በዚህ ተሸንፌአለሁ።

ኮሚሽነሮቹ ሲወስኑ «ውሳኔ» ብለው ቢጽፉ ግን በጣም ጥሩ ነው። «ውሳኔ» እና «ወሰን» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከ«ወሰነ»። መሬትን በተመለከተ መወሰን ማለት እስከዚህ ድረስ ብሎ ማስመር ነው። ሌላ ቋንቋ እዚህ ላይ አማርኛን ቢቀናበት አይደንቀኝም።

በቅርቡ ሌላ ቃል ሊገጥምዎ ይችላል፤ «ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት»። በከተማችሁ የሚያልፈውን ሃይ ላይን ካናል የሚያውቁት ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለመስኖ የተቆፈረ፣ ዛሬ ሰዉ በዳርቻው በእግርና በብስክሌት የሚሄድበት የ71 ማይል ቦይ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚህ ውስጥ 45 ማይሉ ከዴንቨር ውሃ ድርጅት ወደ አራፓሆ ካውንቲ ተላልፏል፤ ሲተላለፍም እንዲህ ያለ የጥበቃ ግዴታ ተጽፎበት ነው። መሬቱ ባለቤት ቢቀይርም ግዴታው ከመሬቱ ጋር ይቀራል። አማርኛ ለዚህ የሚቀርብ ቃል የለውም ብለው አያስቡ። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሌላ ሰው በሆነ ንብረት መጠቀምን «አላባ» ብሎታል። እኔ ቃሉን ከ«አለበ» ጋር አያይዘዋለሁ፤ ላሟ የሌላ ናት፣ ወተቷን ግን ታልባለህ። ኢዝመንቱ በዚህ በኩል ይገለበጣል፤ ላሟ የአንተ ናት፣ እንዳታርዳት ግን ፈርመሃል። «ከመሬቱ ጋር የሚሄድ የጥበቃ ግዴታ» ይበሉት። ረጅም ነው፤ ግን ሰው ይገባዋል።

ካውንቲን ታዲያ ምን እንበለው? «አውራጃ» ብዬ ልቤ ቢመኝም፣ ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ አንባቢ አውራጃን የሚያውቀው ከአያቱ ወሬ ነው። በዚያ ላይ አውሮራ በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ዴንቨር ደግሞ ከተማም ካውንቲም ናት። ይህን ሁሉ በአውራጃ ለማስረዳት መሞከር ሌላ ግራ መጋባት ነው። ሰዉ አንዴ «ካውንቲ» ብሏል፤ እናትየውም እንደዚያ ነው የሚሉት። «ካውንቲ» ብለው ይጻፉ። ብዙ ሲሆን «ካውንቲዎች»፣ ሲታወቅ «ካውንቲው»።

ወረቀቱን እንደገና ሲጽፉ እንዲህ ቢያደርጉት ይሻላል፦ «ካውንቲው ቤት እንዳይሠራባቸው የተከለሉ መስኮችን ለመግዛትና ለመጠበቅ ከየሽያጩ የሚሰበስበው የሕዝብ ገንዘብ፤ ከ100 ዶላር 25 ሳንቲም።» «ጥብቅ መስክ» ለጊዜው እንግዳ ከሆነባቸው «የተከለለ መስክ» ይበቃል። እናትየው «የት ነው ያለው?» ካሉዎት ደግሞ በቦዩ ዳር ይዘዋቸው ይሂዱ። ከዛፎቹ ሥር ጥላ አለ፤ በእግር የሚደረስ ከሆነ እዚያው ሆነው ያስረዷቸው።