መደቡ ላይ የተማርሁት

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ስጠጣ አንዳንዶቻችሁ ታገኙኛላችሁ። «ጋሼ፣ አካል ጉዳት ካለባቸው ሕፃናት ጋር መሥራት እንፈልጋለን፤ ምን ይመክሩናል?» ትሉኛላችሁ። ያኔ መልሱ ቶሎ አይመጣልኝም። አንድ ሁለት ነገር ጣል አድርጌ እሸኛችኋለሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው «ይኼን ሳልነግራቸው» የምለው። ስለዚህ ጻፍሁት። መጽሐፍ ላይ ያለውን መምህሮቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ የምነግራችሁ በአብዛኛው ያበላሸሁትን ነው።

ሥራ ስጀምር ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ሰውነትን በእንቅስቃሴና በልምምድ ማከም፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እንኳ «ማሳጅ ቤት» የሚሉን ነበሩ። ከገጠር የሚመጡት ደግሞ ወጌሻ ይሉኛል። ዲግሪ ይዤ ወጌሻ! ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አያት «ወጌሻው» ብለው ሲጠሩኝ፣ እኔ ወጌሻ እንዳልሆንሁ ረዘም ያለ ሌክቸር ሰጠኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «እሺ ልጄ፤ ታዲያ የልጁን እግር ታሸዋለህ?» አሉኝ።

ሥራዬን ያስተማሩኝ እኚህ ሴት ናቸው።

የልጅ ልጃቸው ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ አረብ አገር ናት። ምጧ ሁለት ቀን ፈጅቶባት ነበር፤ ልጁ ሲወለድ አላለቀሰም። «ሲወለድ አላለቀሰም» የምትለዋን በደንብ ስሟት፤ ብዙ ጊዜ ካርድ ላይ ከተጻፈው ሁሉ እሷ ትበልጣለች። አየር ያጠረው አእምሮ ሲጎዳ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የእንቅስቃሴ ችግር ሊመጣ ይችላል። ያለ ጊዜ መወለድ፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የጨቅላ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትርም ያመጡታል። የተጎዳው አእምሮ እንጂ እግር አይደለም። የአእምሮው ጉዳት ባለበት ይቆማል፤ ጡንቻው ግን ልጁ ባደገ ቁጥር እያጠረና እየከረረ ይሄዳል። የዚህ ልጅ እግሮች እንደ መቀስ ይጠላለፉ ነበር።

ከአዘዞ ወዲያ ካለ መንደር አያቱ አዝለውት ይመጣሉ። እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ። እኔ ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ እግሩን እዘረጋለሁ፣ ዳሌውን እከፍታለሁ፣ ወገቡን ይዤ አቆመዋለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ካርዱ ላይ «ጥሩ ለውጥ» እያልሁ እጽፍ ነበር። የቱ ለውጥ ብትሉኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀሩ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። «ቸልተኛ ቤተሰብ» ብዬ ደመደምሁ። ይቺን ቃል ከአፋችሁ አውጧት። በኋላ ስሰማ አያቱ ወገባቸውን ታመው ኖሯል። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አዝላችሁ ዳገት ውጡና ንገሩኝ።

ጥፋተኝነት ተሰማኝና አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በግራ በኩል ረጅም መደብ አለ። ልጁ ጥጉ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። አያቱ ቡና ሊያፈሉ ሲሉ ቆሎውን በሰፌድ አምጥተው መደቡ ሌላኛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት። ልጁ ቆሎውን አየ። እኔ ልጁን አየሁ። በሆዱ ተገልብጦ እግሮቹን መሬት አወረደ፤ ሁለት እጁን መደቡ ላይ ደግፎ ጎንበስ እንዳለ ቆመ። ተነሥቼ ልይዘው ስል አያቱ ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ «ተወው፣ ይደርሳል» አሉኝ። በጎን በጎን እየተራመደ ሄደ። መሐል ላይ ጉልበቱ ከዳውና ደረቱ መደቡ ላይ ዘፍ አለ። አረፍ ብሎ እንደገና ተነሣ። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ አራት ደቂቃ ተኩል ፈጀበት። ቆሎው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ለእንግዳው ዘገነ።

«መቆም ይችላል እንዴ? ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ሁላችንም ያደግንባትን ጨዋታ አስቡት። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያልን ሕፃን ስናስቆም መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? እንለቀዋለን። ትንሽ ፈቀቅ ብለን እጃችንን ዘርግተን እናጨበጭባለን። ካልለቀቅነው ጨዋታው የለም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ልጅ አንድም ቀን አልለቀቅሁትም። እጄ ጎበዝ ነበር። እሱ ግን ስለ እጄ እንጂ ስለ እግሩ ምንም አልተማረም።

ጥናቱም በኋላ ይኼንኑ አለ። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ አዮና ኖቫክ ከባልደረቦቿ ጋር እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ባወጣችው ሥራ የሴሬብራል ፓልሲ ሕክምናዎችን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብላ ከፈለቻቸው። ልጁ የሚፈልገውን ነገር፣ ራሱ እየሞከረ፣ በሚኖርበት ቦታ ደጋግሞ መሥራት አረንጓዴ ውስጥ ገባ። በእጅ እግር መዘርጋቱ ብቻውን አልገባም። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ የእኔ 40 ደቂቃ ናት። የቀረው ሁሉ የመደቡ፣ የጓሮው፣ የሰፌዱ ነው።

ስለዚህ ቤት ሂዱ። ጎንደር ለዚህ አዲስ አይደለችም። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም ሲከፈት ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው ገጠር ወጥተው በቡድን እንዲሠሩ ነበር የሚሠለጥኑት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒም፣ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምደውን ኦኩፔሽናል ቴራፒም ያስተምራል፤ ቤት ለቤት የሚዞር የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። ከእነሱ ጋር ሁለት ሳምንት ብትወጡ አንድ ሴሚስተር ይተካል። ይኼን ለመምህሮቻችሁ አትንገሩብኝ።

ስትሄዱ መሣሪያ አትሸከሙ። መጀመሪያ ቡናውን ጠጡ። ከዚያ መደቡን ተመልከቱ፤ ከዚህ የበለጠ የመነሣትና የመቀመጥ መለማመጃ አላየሁም። ልጁ ጫፉ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ከተንጠለጠለ መነሣት አይችልም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ከሥሩ አድርጉለት፣ ሁለቱም ተረከዙ ይረፍ። ጋቢ ጠቅልላችሁ ከደረቱ ሥር ብታደርጉ አንገቱን ማቅናት የሚለማመድበት ትራስ ወጣ ማለት ነው። አንቀልባም አትናቁ፤ እግር ለእግር የሚጠላለፍበትን ሕፃን ጭኑን ከፍቶ ይይዘዋል። ስታለብሱ የታመመው እጅ ቀድሞ ይግባ፣ ስታወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ምግብ ላይ ደግሞ በጀርባው አስተኝቶ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ማጉረስ የለም። ትን ይለዋል፤ ሳንባው ይታመማል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ጠጋ ይበል።

ቀኝ እጇ የሰነፈ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። እናቷ ሁሉን ነገር ታደርግላታለች። ኩቦችና ቀለበቶች ሰጥቼ ሞከርሁ፤ በአምስተኛው ደቂቃ ሰለቸቻት። እናቷን ለምሳ የሚሆን ምስር በሰፌድ እንድትሰጣት ለመንኋት። የሰነፈው እጅ ሰፌዱን ይዞ፣ ደህናው ድንጋይ ይለቅማል። ሰፌዱ ሲንጋደድ ምስሩ ይፈሳል፤ ስለዚህ ቀኝ እጇን መርሳት አትችልም። መጀመሪያ ቀን ግማሹ መሬት ቀረ። እናትየው ዓይኗ ከምስሩ አልነቀል አለ፤ ኑሮው ውድ ነው፣ አልፈርድባትም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጅቷ ወጡ ሲቀርብ «ይኼ የእኔ ነው፤ ድንጋይ የለውም» እያለች ታስቀምሰን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ይሄድልኝ ይሆን?» ይሏችኋል። ገና ካርድ ሳታወጡ ይሏችኋል። አትዋሹ፣ አትጨክኑም። ከካናዳ የወጣና እንደ ፈረንጆቹ ከ1997 ጀምሮ ዓለም የሚሠራበት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ አለ፤ ጂ.ኤም.ኤፍ.ሲ.ኤስ ይባላል። አንደኛው ያለ ድጋፍ የሚራመድ ነው፤ ሦስተኛው በክራንች ወይም በዎከር፤ አምስተኛው አንገቱን ለማቅናት እንኳ የሚቸገር። ይኼን በትክክል ማወቅ ቤተሰቡን ከከንቱ ወጪ ያድናል። ደግሞም ጊዜ አይጠብቅም፤ እነዚህ ልጆች ከእንቅስቃሴ ችሎታቸው 90 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ነው፤ ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ከዚያም ቀድሞ። በሁለት ዓመቱ ያለ ድጋፍ መቀመጥ የቻለ የመራመድ ተስፋው ሰፊ ነው።

የማይራመደውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ባለሙያ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው። ልብስ ሲቀየርለት ዳሌውን ብድግ ማድረግ ይማር። አልጋው ላይ በራሱ መገላበጥ ይማር። ተደግፎ አሥር ሰከንድ መቆም ከቻለ 25 ኪሎ ልጅ ከወንበር ወደ አልጋ የምታዛውር እናት ወገብ ተረፈ። በነገራችን ላይ የእነዚህን ልጆች ዳሌ በራጅ ማስፈተሽ አትርሱ። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከሦስቱ የአንዱ ያህል የዳሌ መገጣጠሚያው ቀስ ብሎ ከቦታው ይሸሻል፤ ባልተራመደው ላይ ይብሳል። ሕመሙ ሲመጣ ረፍዷል።

ሽንት ቤት ጠይቁ። ታፍራላችሁ፤ እኔም አፍር ነበር። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በክራንች ትሄዳለች፣ ጎበዝ ናት፣ ግን በየጊዜው ኩላሊቷን ያማታል። ትምህርት ቤቷ ሄጄ አየሁ። ሽንት ቤቱ ሦስት ደረጃ ወጥቶ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ጉድጓድ ነው፤ መያዣ የለው፣ ምን የለው። ልጅቷ መፍትሔዋን ራሷ አግኝታለች፦ ከማለዳ ጀምራ ውሃ አትጠጣም። ደረጃው ላይ በጣውላ ርብራብ ሠራን፣ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ አስመታን፣ መቀመጫው መሐል የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥን። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብድግ ማለትን ያለማመድናት፤ ያውም እዚያው፣ ክሊኒክ አላስመጣናትም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ አዝዟል፤ አዋጁ ርብራቡን ግን አይመታላችሁም።

ዊልቸር ላይ አንድ ቃል። አንድ ጊዜ ሠላሳ ምናምን ዊልቸር በእርዳታ መጣ፤ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሡ። ሁሉም የአዋቂ ልክ ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ውስጡ ገብታ ስትሰምጥ አየሁ፤ ጀርባዋ ጎበጠ፣ እግሯ ተንጠለጠለ። ዊልቸር እንደ ጫማ ነው፣ ልክ አለው። የዳሌዋን ስፋት ሳትለኩ «ውሰጂ» አትበሉ። የኮብልስቶኑን ነገር ደግሞ አታንሡብኝ።

ጠበል ሲሄዱ አትከልክሉ። እኔ በወጣትነቴ ተከራክሬ ስንት እናት አጣሁ። «ሂጂ፤ የእግሩን ድጋፍ ግን ከውሃው እንደወጣ መልሽለት፤ እዚያም ቁጭ ብድግ ያድርግ» በሏት። ቆልማማ እግር ያላቸው ሕፃናት ላይ ይኼ ነገር ይጠብቃል፤ በየሳምንቱ እየተቀየረ አምስት ስድስት ጀሶ ታስሮለት የተስተካከለ እግር፣ ልዩ ጫማው ከተተወ ይመለሳል። ጫማው መጀመሪያ ሦስት ወር ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ከዚያ እስከ አራት አምስት ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ስለ እኚያ አያት የልጅ ልጅ ልጨርስ። ከመደቡ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት፦ «ምን መቻል ትፈልጋለህ?» አያቱ «ቤተ ክርስቲያን ይሂድልኝ» ይላሉ። እኔ «ያለ ድጋፍ መቆም» የሚል በልቤ ይዣለሁ። እሱ «ዶሮ ማስገባት» አለ። የጎረቤት ልጆች ማታ ማታ ዶሮ ያስገባሉ፤ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ያያል።

ዶሮ ማስገባት ቀላል መስሏችሁ እንዳይሆን። በክራንች ወጣ ገባ መሬት ላይ መሄድ አለ፣ በድንገት መዞር አለ፣ አንዱን ክራንች ለቆ መቀርቀሪያ መግፋት አለ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አለ። አንድ በአንድ ለያይተን ሠራነው። አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀ። የካርዱን ጽሑፍም ቀየርሁ፦ «መቀርቀሪያውን በግራ እጁ ገፋ።» እንዲህ ሲጻፍ ለውጡ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ምሽት ሄጄ ደጃፉ ላይ ከአያቱ ጋር ተቀምጠናል። አራት ዶሮዎች ናቸው። ሦስቱን አስገባ። በሩን ዘጋ፣ ቀረቀረ። ዞር ሲል አራተኛዋ ጎተራው ሥር ናት። ተመለከታት፣ ተሳደበ፣ ክራንቹን አስተካክሎ ወደ እሷ ጀመረ። መሬቱ እዚያ ጋ ቁልቁል ነው። ብድግ አልሁ። አያቱ የጃኬቴን ጫፍ ያዙኝ።

«ተቀመጥ፣ ወጌሻው» አሉኝ።

ተቀመጥሁ።