ስልክና መሪ፦ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሚነዱ አንባቢዎች

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ፣ ኡበር እሠራለሁ። ቀን ሙሉ ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ስመላለስ ነው የምውለው። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ስልኬን ባይ ያስቀጣኛል? አንዱ ጓደኛዬ «ችግር የለውም» ይላል፣ ሌላው ትኬት ተቆርጦበታል።

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ከክልል ወደ ክልል ከሚያሻግረው ድልድይ በየትኛው በኩል እንደቆሙ ነው የሚወስነው።

ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የከለከለው በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ስልክን በእጅ መያዝ ነው። መጻፍዎ ወይም መደወልዎ መረጋገጥ የለበትም፤ እጅዎ ላይ መገኘቱ ይበቃል። ስፒከር ከፍተው ስልኩን አገጫቸው ሥር ይዘው የሚያወሩ ወገኖቻችን «ጆሮዬ ላይ አልነበረም» ቢሉ አያድናቸውም፤ ጂፒኤስ ለማየት አንስቼው ነው ማለትም እንዲሁ። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 125 ዶላር፣ ለሁለተኛ ጊዜ 250 ነው። የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ ከሆነ ግን በመጀመሪያውም 250 ይከፍላሉ። በሕጉ መሠረት የቆመ መኪና፣ ቀይ መብራት ላይ የቆመም ጭምር፣ ከክልከላው ውጭ ነው፤ አደጋ ለማሳወቅ መደወልም ይፈቀዳል።

ሜሪላንድ ሁለት የተለያዩ ሕጎች አሏት። ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት የተከለከለው መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው። መልእክት መጻፍ፣ መላክና ማንበብ ግን መኪናው መንገዱ ላይ እስካለ ድረስ ክልክል ነው፣ ቀይ መብራት ላይ ቢቆምም። ስለዚህ ሮክቪል ፓይክ ላይ መብራት ይዞዎት የቴሌግራም መልእክት ቢያነቡ ጥፋት ነው። በእጅ መያዝ ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 83 ዶላር፣ ቀጥሎ እስከ 140፣ ከዚያ በኋላ እስከ 160 ያስቀጣል። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ስልክ ሲነካካ ሰው የገደለ ወይም ክፉኛ ያቆሰለ አሽከርካሪ እስከ 1 ዓመት እስራትና 5,000 ዶላር ሊፈረድበት ይችላል። ዲሲም በእጅ መያዝን ትከለክላለች፤ የመጀመሪያው ቅጣት 100 ዶላር ነው።

በአንድ ፈረቃ ሦስቱንም የሚያቋርጥ ሰው የቆመበትን ክልል ሕግ እያሰላሰለ ሊነዳ አይችልም። የሚያዋጣው ጥብቁን ይዞ መሄድ ነው፤ መብራት ላይም ስልኩን አለመንካት። አድራሻውን ማርሹ ፒ ላይ እንዳለ ያስገቡ። ተሳፋሪ መድረሻ ቢቀይር ጥግ ይዘው ይቁሙና ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ስልክ ማስቀመጫዬ በጋ ላይ እየተላቀቀ ይወድቃል። የት ብሰቅለው ይሻላል?

መልስ፦ በመምጠጥ የሚጣበቀው ዓይነት በሙቀት ይለቃል፤ አቧራና ቅባት ካለበት ደግሞ ቶሎ ይላቀቃል። ቦታውን በአልኮል ጠርገው፣ በደንብ ሲደርቅ ይለጥፉት። የአየር ማስወጫውን የሚነክሰው ዓይነት በቀላሉ አይወድቅም፤ በክረምት ግን ሙቅ አየር ስልኩን ያግለዋል፣ ቻርጅ ማድረግ ሊያቆምም ይችላል። የኤርባግ ክዳን ላይ ፈጽሞ አይሁን። ጀርባዎ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚደርሱበት፣ መንገዱን የማይጋርድ ዝቅ ያለ ቦታ ይምረጡ። ሲወድቅ ይተዉት። በሰዓት 55 ማይል እየሄዱ 5 ሴኮንድ ጎንበስ ቢሉ 400 ጫማ ያህል ሳያዩ ነድተዋል።

ጥያቄ፦ ኤርፖድ አድርጌ ባወራ ነፃ ነኝ አይደል?

መልስ፦ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሁለቱን ጆሮ ደፍኖ መንዳትን ይከለክላሉ፤ አንዱን ያውጡት። ትኬቱ ቀረ ማለት ግን ሐሳብዎ መንገዱ ላይ ነው ማለት አይደለም። የትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር) የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በድምፅ ትእዛዝ ከደወሉ በኋላ ሐሳብ ተበትኖ የሚቆይበት ጊዜ እስከ 27 ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። የእኛ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፦ የአይፎኗ የድምፅ ረዳት ሲሪ አማርኛ አታውቅም፣ የሐበሻ ስም ስትሰማ ሌላ ሰው ጋ ትደውላለች፤ ያንን ለማረም ዓይን ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። አዘውትረው የሚደውሉላቸውን ሰዎች በቀላል የእንግሊዝኛ ቅጽል ስም ይመዝግቧቸው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ጥሪ (እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ በበጋ ቀን 7 ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ነዎት) አይፎን ላይ ሰቲንግ፣ ፎከስ፣ ድራይቪንግ ገብተው ከመኪናው ብሉቱዝ ጋር ሲገናኝ ራሱ እንዲበራ ያድርጉት። ቴክስት ለሚልክልዎ ሰው እየነዱ መሆኑን በራሱ ይመልሳል። የኡበር አፑን ከተፈቀዱት ውስጥ ማስገባት አይርሱ፣ አለበለዚያ የተሳፋሪ ጥሪ ያመልጥዎታል።

ጥያቄ፦ የትራክ ሾፌር ነኝ፣ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለኝ። ለእኔም ያው ነው?

መልስ፦ ለእርስዎ ይከብዳል። ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ የፌደራሉ ደንብ በትራፊክ ወይም በመብራት ለጊዜው መቆምንም እንደ መንዳት ይቆጥራል፤ የቨርጂኒያው «ቆሜ ነበር» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም። ለመደወል ወይም ለመመለስ ከአንድ ቁልፍ በላይ መጫን፣ ወይም ስልኩን ለማንሳት ከቀበቶዎ ተላቀው መንጠራራትም ጥፋት ነው። ከዲስፓቸር (ሥራ ከሚመድበው ሰው) የመጣ መልእክት ማንበብም ቴክስት እንደ ማድረግ ይቆጠራል፤ ደንቡ እንዲጣስ የሚፈቅድ ወይም የሚያዝ ኩባንያም ራሱ ይቀጣል። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከተፈረደብዎ ለ60 ቀን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ለ120 ቀን ትራክ መንዳት ይከለከላሉ። ትኬቱን ዝም ብሎ በፖስታ መክፈል ጥፋቱን እንደማመን ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የትራፊክ ጠበቃ ያማክሩ።