ቦታችሁ ሳይዘጋ ቀጣዩን ቦታ ልመዱ፦ ለወጣት ተከላካዮች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከኋላ መስመር ለምትጫወቱት ነው። ለአጥቂዎች የሚሰጥ ምክር ሞልቷል፤ ተከላካይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሲሳሳት ብቻ ስለሆነ፣ የሙያው ዘመን እንዴት እንደሚረዝም የሚነግረው ሰው አያገኝም። ለማስረጃ የመረጥኩላችሁ ተጫዋች ቦስኒያዊው ሴያድ ኮላሺናች ነው። አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ከአርሰናል ዘመኑ ነው። ከእሱ የሚበልጡ ተከላካዮች እንደነበሩ አውቃለሁ። እሱን የመረጥኩት ቋሚነቱን አጥቶ፣ በውሰት ሄዶ፣ ከቡድኑ ጋር ወርዶ፣ ጉልበቱን ተጎድቶ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በ30 ዓመቱ ከጣሊያኑ አታላንታ ጋር የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ስላነሳ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮላሺናች የተወለደው ሰኔ 20 ቀን 1993 ጀርመን፣ ካርልስሩህ ከተማ ነው። በሆፈንሃይምና በሽቱትጋርት የወጣት ቡድኖች በኩል አልፎ ወደ ጀርመኑ ክለብ ሻልከ ገባ፤ በመስከረም 2012 በጀርመን አንደኛ ሊግ በቡንደስሊጋ ተሰለፈ። በወጣትነቱ በተከላካይ አማካይነት ተጫውቷል። በዋናው ቡድን የግራ መስመር ተከላካይ ሆነ። በ2016/17 አሰልጣኝ ማርኩስ ቫይንትሲርል በሦስት የመሃል ተከላካይ መጫወት ሲጀምር ደግሞ የመስመር ተመላላሽ (በመስመሩ ለማጥቃትም ለመከላከልም የሚመላለስ ተጫዋች) ሆኖ ምርጥ ዓመቱን አሳለፈ። በአርሰናልም በዚሁ ቦታ ጀመረ። በነሐሴ 2019 ኪራን ቲርኒ ከሴልቲክ ሲመጣ የግራ መስመሩ ተያዘበት። በ2020 የአርሰናል አሰልጣኝ አርቴታ ከሦስቱ የመሃል ተከላካዮች በግራ በኩል አሰለፈው፤ በፈረንሳዩ ማርሴይና በአታላንታ ሥራው ይኸው ሆነ።

ይህን ጉዞ ልብ በሉት፤ ከመስመር ወደ መሃል የተደረገ ጉዞ ነው። የመስመር ተመላላሽ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ ረጅም ሩጫ ይሮጣል፤ ሠላሳ ዓመት ሲቃረብ መጀመሪያ የሚቀንሰውም ያ ፍጥነት ነው። ከሦስቱ በግራ የሚቆም ተከላካይ ግን የሚሮጠው አጭር ርቀት ነው፤ የሚፈለግበት የሰውነት ጥንካሬ፣ ጨዋታን ማንበብና በግራ እግር የጠራ ቅብብል ነው። ኮላሺናች ወደዚህ ቦታ ሲገፋ ገና 27 ዓመቱ ነበር፤ ስለዚህ ለመማር ጊዜ አገኘ። ከእናንተ ብዙዎቹ ግን አሰልጣኝ ቦታ ሲቀይርባችሁ እንደ ቅጣት ትቆጥሩታላችሁ። እባካችሁ እንዲህ አታስቡ። በልምምድ ጨዋታ ላይ እናንተ ራሳችሁ “ዛሬ በመሃል ልሞክር” ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜያችሁ 18 ሳይሞላ ቢያንስ ሁለት ቦታ በደንብ ልትይዙ ይገባል።

ሦስቱ ቦታዎች የሚጠይቁትን ልዩነት በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ቦታ የቀየረ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

በአራት ተከላካይ አሰላለፍ የመስመር ተከላካይ ከሆናችሁ ትልቁ አደጋ ከጀርባችሁ ያለው ክፍት ቦታ ነው። የኮላሺናች ድክመት የታየው እዚሁ ነው። በሦስት ተከላካይ ሲጫወት ወደ ፊት ወጥቶ ከመስመር ወደ ኋላ የሚመልሳቸው ኳሶች ድንቅ ነበሩ፤ በአራት ሲጫወት ግን እሱ የወጣበትን ቦታ የሚሸፍን ሰው ስላልነበረ ተጋጣሚዎች በዚያ ይገቡ ነበር። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ በእናንተ በኩል ያለው የመሃል ተከላካይ ወደ ጎን ተስቧል ወይ? ተከላካይ አማካዩስ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይ? ሁለቱም ካልሆኑ ቁሙ። ኳሱ በሌላው መስመር ካለ ደግሞ ወደ መሃል ጠበብ በሉ፤ ከመሃል ተከላካዩ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይበቃል። ሰፍቶ የሚቆም የመስመር ተከላካይ በእሱና በመሃል ተከላካዩ መካከል በር ይከፍታል።

የመስመር ተመላላሽ ስትሆኑ ስህተቱ ይገለበጣል። ብዙ ልጆች ከኋላቸው ሦስት ሰው እንዳለ እያወቁ ፈርተው ይቀራሉ፤ ያኔ ቡድኑ አምስት ተከላካይ ይሆንና ኳስ ይዞ መውጣት ያቅተዋል። ወደ ሳጥኑ ጎን ስትደርሱ ቀና ሳትሉ አታሻሙ። አንዴ ቀና በሉ፤ ተከላካዮቹ ወደ ራሳቸው ግብ እየሮጡ ከሆነ ኳሱን መሬት ለመሬት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ አካባቢ ላኩት። ወደ ግባቸው የሚሮጡ ተከላካዮች ወደ ኋላ የሚመጣ ኳስ ላይ መቆም ይቸግራቸዋል።

ከሦስቱ በግራ የሚቆመው ሥራ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ በተለይ በአሰልጣኝ ጋስፔሪኒ አታላንታ። የጋስፔሪኒ ቡድን በመላው ሜዳ ሰው ለሰው ይይዝ ስለነበር ተከላካዩ አጥቂውን እስከ መሃል ሜዳ ድረስ መከተል ነበረበት። ይህን የምትሞክሩ ከሆነ ደንቡ እንዲህ ነው። ኳሱ ሩቅ ሲሆን ከአጥቂያችሁ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፤ ኳሱንም ሰውየውንም በአንድ ዓይን ማየት አለባችሁ። ቅብብሉ ወደ እሱ ሲነሳ፣ ኳሱ በመንገድ ላይ እያለ፣ ርቀቱን ዝጉ። ደርሳችሁ ክንዳችሁ ጀርባውን ሊነካ ሲቃረብ ቁሙ፤ እንዳይዞር ከልክሉ እንጂ አትንጠቁ። በጀርባ በኩል እግር ማስገባት የቢጫ ካርድ መንገድ ነው፤ ካመለጣችሁም ከኋላችሁ ማንም የለም። አጥቂው ቀድሞ ከዞረ ጨዋታው ተለውጧል፦ ሦስት አራት ሜትር ስትቀሩ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጎናችሁን ስጡት፣ ወደ ደካማ እግሩ ምሩት። ፊት ለፊት፣ ሁለት እግራችሁን እኩል አድርጋችሁ አትቁሙ፤ ኳሱን በመሃል ያሳልፍባችኋል።

አሁን ስለ ስህተት። ሰኔ 15 ቀን 2014 በማራካና ቦስኒያ የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ከአርጀንቲና ጋር አደረገች። ገና በሦስተኛው ደቂቃ ሜሲ ከግራ በኩል ቅጣት ምት አሻማ፤ ማርኮስ ሮሆ በግንባሩ ነካ አደረገው፤ ኳሱ የኮላሺናችን እግር ገጭቶ ወደ ራሱ መረብ ገባ። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ፈጣኑ በራስ ላይ የተቆጠረ ግብ ተብሎ ተመዘገበ። ልጁ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ይህን ግብ ደጋግማችሁ ብታዩት ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ይገባችኋል። በዚያ ቅርበት አቅጣጫውን ለቀየረ ኳስ እግር ማንሳት የሚችል ሰው የለም። ስህተቱ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው፦ ለኳሱ ቅርብ በሆነው የግብ ቋሚ በኩል የመጀመሪያው የግንባር ኳስ ተሸነፈ። ስለዚህ ቅጣት ምት ወይም ማዕዘን ምት ስትከላከሉ ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ሰው የቅርቡን ቋሚ የሚጠብቀው ነው፤ በዝላይ ጊዜው የሚታመን ተጫዋች መሆን አለበት። ሌሎቻችሁ ወደ ግባችሁ እየሮጣችሁ ቢሆንም ትከሻችሁን ወደ ጎን አዙሩ፤ ሙሉ ፊታችሁን ወደ መረብ ሰጥታችሁ አትሩጡ። ኳሱ ከደረሰባችሁ ለግቡ ራቅ ባለው እግር ወደ ውጭ ምቱት። ማዕዘን ምት ቢሆንም ይሁን።

እኔ ከግቡ ይልቅ የምወድለት ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሙሉውን ዘጠና ደቂቃ ተጫወተ። ቦስኒያ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ እሱ ግን አልተደበቀም። ከስህተት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ኳስ ቀላል ይሁን፦ በአንድ ንክኪ፣ ለቅርብ ሰው። ስህተቱን ለማካካስ ብሎ ወደ ሸርተቴ የሚሮጥ ልጅ ሁለተኛውን ስህተት ይጨምራል።

ሌላ ጨዋታ ልጥቀስ፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያስታውሱታል። ኅዳር 1 ቀን 2022 ማርሴይ በሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታ ቶተንሃምን አስተናገደ። 1 ለ 1 እያሉ በመገባደጃው ኮላሺናች ከቅርብ ርቀት በግንባሩ ወደ ውጭ ሰደደው። ቢያገባው ማርሴይ ያልፍ ነበር። ነገር ግን በሌላው ሜዳ በነበረው ውጤት ምክንያት አቻ ብቻ ቢወጡም ሦስተኛ ሆነው ወደ ዩሮፓ ሊግ ይወርዱ ነበር። ሜዳ ውስጥ የነበሩት ይህን ባለማወቃቸው ሁሉም ወደ ፊት ሄዱ፤ በጭማሪው ሰዓት በመልሶ ማጥቃት ተቆጠረባቸውና ከአውሮፓ ውድድር ጨርሰው ወጡ። ተከላካዮች፣ የነጥብ ሰንጠረዡን ከጨዋታ በፊት እናንተ አንብቡ፤ የሌላውን ሜዳ ውጤት ማን ከወንበር እንደሚነግራችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ወደ ውል ልምጣ። ኮላሺናች በ2017 ከሻልከ ወደ አርሰናል፣ በጥር 2022 ከአርሰናል ወደ ማርሴይ፣ በ2023 ከማርሴይ ወደ አታላንታ ሲሄድ በሦስቱም ያለ ዝውውር ክፍያ ነበር። ክለብ ለክለብ የሚከፍለው ገንዘብ ከሌለ ተጫዋቹ በደመወዝና በፊርማ ክፍያ ላይ የተሻለ የመደራደር አቅም አለው። በፊፋ ደንብ ውላችሁ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ትችላላችሁ። ነገር ግን አደጋም አለው፦ በዚያ የመጨረሻ ዓመት ጉልበታችሁ ቢበጠስ ያለ ውል ትቀራላችሁ። ስለዚህ ውልን ሳያድሱ እስኪያልቅ የመጠበቅ መንገድ በየሳምንቱ ለሚሰለፍ ተጫዋች እንጂ ለተቀያሪ አይሆንም።

ውሰትንም አትናቁ። ኮላሺናች በጥር 2021 ወደ ሻልከ በውሰት ተመልሶ ወዲያው አምበል ሆነ። ቡድኑ 30 የሊግ ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆይቶ ሆፈንሃይምን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ እዚያው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ወረዱ። በሚወርድ ቡድን ውስጥ በኃላፊነት መጫወት ወንበር ላይ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከኢትዮጵያ ለምትነሱት ደግሞ እነዚህን ጨምሩ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር በፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 የተከለከለ ነው፤ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፣ ለምሳሌ ወላጆች ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ሲሰደዱ። ስለዚህ “የ16 ዓመት ልጃችሁን አውሮፓ አስፈርማለሁ” ብሎ ለሙከራ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ አትክፈሉ፤ ክለቡን ራሳችሁ በይፋዊ አድራሻው ጠይቁ። ወኪሉ በፊፋ ፈቃድ ካላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። የልደት ቀናችሁ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በፓስፖርትና በፌዴሬሽን ምዝገባ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የአንድ ዓመት ልዩነት በር ይዘጋል። ከ12 ዓመታችሁ ጀምሮ የተመዘገባችሁባቸውን ክለቦች ማስረጃ ያዙ፤ ወደፊት ስትዛወሩ ያሳደጓችሁ ክለቦች ድርሻቸውን የሚያገኙት በዚያ ነው። የሁለት ወር ደመወዝ ከተያዘባችሁ ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቁ፤ 15 ቀን ሰጥታችሁ ካልከፈለ ውሉን በምክንያት ማቋረጥ ይቻላል። በቃል የተባለ ማሳሰቢያ ግን አይቆጠርም።

በውጭ አገር ለተወለዳችሁም አንድ ቃል አለኝ። ኮላሺናች ለጀርመን ወጣት ቡድኖች ተጫውቶ በኅዳር 2013 ለቦስኒያ ዋና ቡድን ተሰለፈ። በአርሰናል አብሮት የነበረው፣ በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌዲዮን ዘላለምም ለጀርመን ወጣቶች ከተጫወተ በኋላ አሜሪካን መርጧል። ምርጫው የልብ ነው። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ብሔራዊ ቡድን የመቀየር ጥያቄው በፊፋ መጽደቅ እንዳለበት፣ ለዋና ቡድን በውድድር ጨዋታ ከተሰለፋችሁ በኋላም በሩ እጅግ እንደሚጠብ እወቁ።

በመጨረሻ ስለ ጉልበት። የኮላሺናች መስቀለኛ የጉልበት ጅማት በነሐሴ 2014 ተበጠሰ፤ በሚያዝያ 2025 እንደገና ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰበት። ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያለ ግጭት ነው፦ ስትቆሙ፣ ስትዞሩ፣ በአንድ እግር ስታርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ። ከተጎዳችሁ ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ጨዋታ አትመለሱ፤ የተጎዳው እግር የጭን ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ ይድረስ። ሕመም ስለጠፋ ድኗል ማለት አይደለም።

ላልተጎዳችሁት ደግሞ “ፊፋ 11 ፕላስ” የሚባለው ማሟሟቂያ አለ፤ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። 15 እንቅስቃሴ አለው፤ 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሥሩት። በውስጡ ያለውን የኋላ ጭን ሥራ፣ ተንበርክካችሁ ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ይዞ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት የምትወርዱበትን፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ጀምሩ፤ ሲቀል ከ7 እስከ 10፣ በኋላም ከ12 እስከ 15 አድርሱት። ስትወርዱ ከወገባችሁ አትታጠፉ። ዘላችሁ ስታርፉ ጉልበታችሁ በእግር ጣቶቻችሁ አቅጣጫ ይሁን፤ ራሳችሁን ማየት ስለማትችሉ ጓደኛችሁ ከፊት ቆሞ ይመልከትላችሁ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይንገራችሁ።