ድንጋዩ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

አምባሰል ውስጥ የድሮው ትምህርት ቤታችን በነበረበት ቦታ መታሰቢያ ድንጋይ ልታቆሙ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ያን ጭቃ ቤት የሚያስታውስ ሰው እያለቀ ነው።

እኔ የመሬት ቀያሽ ነበርኩ። 30 ዓመት ችካል ስተክል ኖሬያለሁ። ችካል አንድ ክንድ ከቦታው ከራቀ ጎረቤት ያጣላል። በድንጋይ የተጻፈ ስህተት ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሩቅ አትሂዱ፣ ይስማ ንጉሥ ደጃችን ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንዲት ቃል የተነሳ ጠብ በ1888 አድዋ አደረሰን። ስለዚህ እያንዳንዷን ቃል አጣሩ።

ትምህርት ቤታችን መቼ ተከፈተ? ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ ዓመተ ምሕረት ላይነግሯችሁ ይችላሉ። «ከ65ቱ ድርቅ በፊት» ይሏችኋል። ይህን አትናቁት። ቀያሽም ያልታወቀውን ቦታ የሚያገኘው ከሚታወቁ ነጥቦች ተነስቶ ነው። የ1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ የ1971ዱ መሠረተ ትምህርት፣ የ77ቱ ረሃብ፣ ሁሉም ነጥቦቻችሁ ናቸው። በ2014ቱ ጦርነት በወሎ የስንት ትምህርት ቤት መዝገብ እንደወደመ ታውቃላችሁ። እናንተ ግን የየቤቱን ሳጥን አስከፍቱ። ማኅተም ያለበት አንድ የድሮ ካርድ ከተገኘ ብዙ ክርክር ይዘጋል።

የቀበሌውን ፈቃድ በጊዜ ጠይቁ። ድንጋዩን ከእኛው ጥቁር ድንጋይ አስጠርቡ።

ማን ሠራው የሚለው ላይ ግን አትቸኩሉ። እንጨቱን ያዋጣው ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ማገሩን አብሮ አሰረ። እናቶች ጭቃውን በጭድ ረገጡ። እኛ ልጆች ጠዋት ጠዋት ከወንዙ አንድ አንድ ድንጋይ ይዘን እንመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሰሌዳችን በባትሪ ድንጋይ የጠቆረ ጣውላ ነው። መምህሩ ሲጽፍበት ጠመኔው ይንሸራተት ነበር፣ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ጊዜ በሠራሁበት የውኃ ፕሮጀክት ድንጋዩ ላይ የተጻፈው የመራቂው ሹም ስም ብቻ ነበር። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች አልተነሱም። አይቼ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ዝም አትበሉ። የሁሉንም ስም ድንጋዩ ባይችል እንኳ «የአካባቢው ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ሠራው» የምትለዋ መስመር አትቅር።

ሌላም አለ። ታላቅ እህቴ ከእኔ እኩል ድንጋይ ተሸክማለች። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን እኔ ክፍል ገባሁ፣ እሷ ከብት ጥበቃ ሄደች። ስሟን መጻፍ የተማረችው በ1971ዱ ዘመቻ፣ ልጅ አዝላ፣ ማታ በኩራዝ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እንደ እሷ ያሉትንም ድንጋዩ ያስታውስልን።

ዛሬ 70 አልፏታል። በሩ በየት በኩል እንደነበር፣ ደወሉ የትኛው ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከሁሉ በፊት እሷ ጋ ሂዱ። ቅዳሜ ገበያ ስለምትወጣ እሑድ ከሰዓት ብትደርሱ ቡና አፍልታ ትጠብቃችኋለች።